የንጉሡ አንገትና ምላጩ

በድሮ ዘመን በእንግሊዝ አገር ቲዮባልድ የሚባል ንጉሥ ነበር አሉ። ሚስቱን አሲራብኛለች ብሎ ግንብ ውስጥ ዘግቶባታል፤ ሦስቱ ወንዶች ልጆቹም በየተራ ሸፍተውበት በየተራ ይቅርታ ለምነው ተመልሰዋል። በግቢው ደንብ ንጉሡ ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ልጆቹ ቆመው ያያሉ።

አንድ ቀን ንጉሡ ፊቱ በአረፋ እንደተሸፈነ ጢም ላጩን፣ «አንተ ምላሰኛ፣ ከቤተሰቤ መካከል አብልጦ የሚወደኝ ማን ነው? ማንም የለም ካልክ አሰቅልሃለሁ» አለው።

ላጩ ቀና ብሎ ልጆቹን አየ። ሦስቱም ጎራዴያቸውን ጨብጠዋል። አንዱን ቢጠራ ሁለቱ እንደማይምሩት ገባው። ምላጩን በፎጣ ጠረገ።

«ጃንሆይ፣ ይኼማ ቀላል ነው» አለ። «እኔ ትንሽ ልረፍ፤ ምላጩን ከቤተሰብዎ ለአንዱ ይስጡና አንገትዎን ይላጭዎት። ሳይፈሩ የሚሰጡት እሱ ይወድዎታል።»

ይሄኔ ሦስቱም ልጆች፣ «እኔ ልላጭዎት አባባ፣ እኔ ልላጭዎት» እያሉ እየተጋፉ እጃቸውን ዘረጉ። ንጉሡ አንገቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ወንበሩ ላይ ወጣ።

«ተዉ ልጆቼ፣ ከሩቅ ብትወዱኝ ይበቃኛል» አላቸው። ከዚያ ወደ ላጩ ዞሮ፣ «በል አንተው ቀጥል፤ ግን ቀስ እያልክ» አለው።