ዳቦው ላይ የታተመው ቅጠል

አንድ የስንዴ አገር ንጉሥ ወንድ ልጃቸውን ከእንሰት አገር ገዢ ልጅ ጋር ሊያጋቡ ቀን ቆረጡ። ሁለቱ አገሮች ለዘመናት ተኳርፈው የኖሩ ናቸው። ንጉሡም ዘውገ የሚባለውን ሠዓሊ አስጠርተው፣ «በሠርጉ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የሁለታችንን ማዕድ ሣልልኝ። አደራ፣ ማንም ቅር ብሎት እንዳይሄድ!» አሉት። አባቱ ከስንዴው፣ እናቱ ከእንሰቱ አገር ነበሩና ዘውገ ልቡ በደስታ ዘለለ። ሠርጉ ከፈረሰ ግን የገዛ ዘመዶቹ ዳግም በጎሪጥ ሊተያዩ ነው።

መጀመሪያ ምግቡን ሁሉ በአንድ ገበታ ደባልቆ ሣለው። «የኛ ቆጮ የታለ?» አለ አንዱ ወገን። «የኛስ ዳቦ?» አለ ሌላው። ንጉሡ፣ «ዘውገ፣ ይሄ ማዕድ ነው ወይስ የተደፋ ገንፎ?» ብለው ሳቁበት።

አጥፍቶ እንደገና ሣለ። አሁን ደግሞ ቆጮውን በግራ፣ ዳቦውን በቀኝ አድርጎ መሀሉን በመስመር ለየው። የሙሽራይቱ አጎት አዩና፣ «ልጄ፣ የመጣነው ለሠርግ ነው ወይስ ድንበር ለማካለል?» አሉት። ሽማግሌዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ።

ዘውገ ተስፋ ቆርጦ፣ ራብም ሲሞረሙረው ወደ ማድ ቤት ገባ። የሙሽራው ወገን ሴቶች ዳቦ እየጋገሩ ነው፤ ዳቦው ግን ሸክላው ላይ እየተጣበቀ አስቸግሯቸዋል። ይህን ያዩ የሙሽራይቱ አክስት ከቆጯቸው መጠቅለያ የእንሰት ቅጠል አውጥተው፣ «እንኩ እህቶቼ፣ በዚህ ጠቅልሉት» አሉ። ሲበስል ቅጠሉን የገለጠው ዘውገ ነበር። የቅጠሉ ጅማት አንድ ሳይቀር ዳቦው ላይ ታትሟል! በደስታ ጩኸቱን አቀለጠው።

«ምነው፣ አረረ እንዴ?» አሉ ሴቶቹ ደንግጠው።

«ኧረ አላረረም! ተሣለ እንጂ! ተሣለ!»

ብሩሹን አፈፍ አድርጎ ሮጠ። ግድግዳው ላይም ቅጠሉ ሲገለጥ ጅማቱ ታትሞበት የሚታይ ትልቅ ዳቦ ሣለ።

የሠርጉ ዕለት በቅጠል የተጋገረው ዳቦ ከሥዕሉ ሥር ሲቀርብ ሁለቱ ወገኖች፣ «ቅጠሉ የኛ ነው!» «ዳቦው የኛ ነው!» ተባባሉ፤ አሁን ግን እየሳቁ ነው። «ታዲያ ማን ይቁረሰው?» ሲሉ ንጉሡ ጠየቁ። ሙሽሮቹ ዳቦውን ግራና ቀኝ ይዘው ቆረሱት፤ አዳራሹም በእልልታ ተናጋ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የሠርግ ዳቦ ያለ ቅጠል አይጋገርም። ልጆች «ለምን?» ብለው ሲጠይቁ ወስደው ግድግዳውን ያሳዩአቸዋል።

ወዳጄ፣ ቅጠሉም ቅጠልነቱን፣ ዳቦውም ጣዕሙን አልተወም። ተቃቀፉ እንጂ አንዱ አንዱን አልዋጠም። እስቲ ዛሬ ማዕድ ሲቀርቡ እርስዎም ልብ ብለው ይዩት፤ የማን ቅጠል ታትሞበታል?