ለስም የተዘለለ ዝላይ

በእኛ ቢሾፍቱ አንድ ሰው ነገሩን ሳያመቻች ዘሎ ሲገባ፣ ትልልቆቹ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው የሚወረውሩት አባባል አለ። ለከተማው እንግዳ የሆነ ሁሉ ከጥንት የወረደ ይመስለዋል። ኧረ ወዲያ! የመጣው ከወይዘሮ ትርንጎ ጓሮ ነው፤ ጎረቤት ስለሆንኩ በዓይኔ አይቻለሁ።

የወይዘሮ ትርንጎ ልጅ ናሁሰናይ ለልጆቹ እየነጠሩ የሚዘሉበት ትራምፖሊን ገዝቶ ጓሮ ተከለ። ክብ ነው፤ ጥቁሩ ጨርቅ ዙሪያውን በብረት ሞላ ተወጥሯል፣ ከላይ ደግሞ መረብ ይከበዋል። ወይዘሮ ትርንጎ በመጀመሪያው ቀን ከግንቡ አርቀው አስተከሉትና ሕግ አወጡ።

"ጫማ ማውለቅ! አንድ በአንድ! መሃል ለመሃል! መረቡን ሳይዘጋ የዘለለ ምሳ የለውም!"

ልጆቹ እንደ ውዳሴ በቃላቸው ያዙት። ሕጉን ያፈረሱት አያቶቹ ናቸው።

የናሁሰናይ ትንሿ ልጅ ክርስትና የተነሣች ዕለት ድግስ ነበር። የክርስትና ስሟን ቄሱ አውጥተዋል፤ ቤት የምትጠራበት ግን ገና አልተቆረጠም። የወይዘሮ ትርንጎ ባል አቶ ድልነሳው፣ ሲቀመጡ ወንበር የሚያቃስትላቸው ግዙፍ ሰው፣ "በእናቴ ስም ጥሩወርቅ ትባል" አሉ። የናሁሰናይ ሚስት የአራሷ የቤዛ አባት አቶ ልሳነወርቅ ደግሞ ነፋስ የሚያወዛውዛቸው ቀጭን ናቸው። ሚስታቸው አስካለ ካረፉ ወዲህ ያን ስም በቤት ውስጥ የሚጠራ ጠፍቷል። "አስካለ በሏት፤ ስሟን ልጥራው" ብለው ለመኑ።

አንዱ እናቱን፣ ሌላው ሚስቱን አልለቅም አለ። ጠጁም መሃል ገብቷል።

"እንግዲያው ይለይልን!" አሉ አቶ ድልነሳው ወደ ትራምፖሊኑ እያዩ። "ከፍ ብሎ የዘለለ ስም ያውጣ!"

"በጎረምሳነቴ አጥር እንደ ፍየል ነበር የምዘለው፤ ኋላ እንዳያፍሩ!" አሉ አቶ ልሳነወርቅ።

"ኧረ እርስዎ እንዳያፍሩ!"

ወይዘሮ ትርንጎ ከድንኳኑ ሮጠው ወጡ። "እናንተ ሰዎች! በየተራ! መረቡንም ዝጉ!"

"እኛ ዶሮ ነን በመረብ የምንከለለው?" አሉ ባላቸው፤ መረቡንም ፈትተው መሬት ጣሉት።

ወይዘሮ ትርንጎ እንደማይሰሟቸው ሲገባቸው ወደ እኛ ዞሩ። "ፍራሽ! በቤቱ ያለውን ፍራሽ ሁሉ አውጡ!"

"ሊተኙ ነው እንዴ?" ብሎ አንዱ ሲያሾፍ እንግዳው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ከልጆቹ አልጋ፣ ከሳሎን፣ ከአራሷም ክፍል ፍራሽ አስጎትተው ዙሪያውን አስደረደሩ።

አቶ ልሳነወርቅ ቀደሙ። ሲዘሉ ነጠላቸው እንደ ክንፍ ተዘረጋ፤ ልጆቹ በእልልታ አቀለጡት። ይሄኔ አቶ ድልነሳው ተራቸውን መጠበቅ አቃታቸው፤ እየተንፈራገጡ ከነጫማቸው ወጡ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነጥራል። አንቱታው ወዲያው ቀረ።

"አየኸኝ?"

"እየኝ አንተ! ደመናው እኔ ዘንድ ነው!"

እንግዳው ከሳቅ ብዛት ዕንባውን ይጠርጋል። አቶ ድልነሳው በመጨረሻ ያለ የሌለ ኃይላቸውን አጠራቅመው ወደ ላይ ሄዱና እንደ ጆንያ እህል ወረዱ። ጨርቁ መሬት ሊነካ ደርሶ ተመለሰ። ልክ ያን ጊዜ እግራቸው ጨርቁን የነካው አቶ ልሳነወርቅ ከወንጭፍ እንደ ወጣ ጠጠር ተስፈነጠሩ። ነጠላው ወዲያ፣ ሰውየው ወዲህ!

"አባዬ!" ቤዛ ሕፃኗን አቅፋ ጮኸች።

በጀርባቸው ዷ ብለው ከአንዱ የጥጥ ፍራሽ ላይ ወደቁ። አቧራው ቡን አለ።  ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደ ገባ እንጃ፤ የሚሰማው የሞላው ሲጥሲጥታ ብቻ ነበር።

አቶ ልሳነወርቅ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "ለመሆኑ… ማን በለጠ?"

ግቢው ፈነዳ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቤዛ አባቷ ላይ ተደፍታ አንዴ ታለቅሳለች፣ አንዴ ትስቃለች። አቶ ድልነሳው ግን ደንግጠው ጨርቁ መሃል ቁጭ ብለዋል። ለመነሳት በሞከሩ ቁጥር ያነጥርና መልሶ ያስቀምጣቸዋል።

"ወንድሜን ልገድለው ነበር!" ይላሉ እየነጠሩ። "አስካለ ትባል! አስካለ!"

"የለም!" አሉ አቶ ልሳነወርቅ ከተጋደሙበት። "ውርርድ ውርርድ ነው፤ የወደቅኩት እኔ ነኝ፤ ጥሩወርቅ ትባል!"

"አስካለ ነው ያልኩ!"

"ጥሩወርቅ!"

"በቃ!" አለች ቤዛ ዕንባዋን ጠርጋ። "ይቺ አስካለ ናት። ቀጣይዋ ጥሩወርቅ ትሆናለች።"

"ቀጣይ?" አለ ናሁሰናይ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

አቶ ልሳነወርቅ ሕፃኗን ተቀብለው በጆሮዋ "አስካለ" አሏት። አቶ ድልነሳውን አራት ጎረምሳ ጎትቶ አወረዳቸው። ወይዘሮ ትርንጎም መረቡን አንስተው መልሰው እያሰሩ፣ እሳቸውም በተራቸው ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ፣ ለተሰበሰበው ሁሉ እንዲህ አሉ፦ "ሽቅብ የነጠረ ሁሉ ይመለሳል፤ ማረፊያ ያሰናዳ ይስቃል።"