የአናጺው ረጃጅም ክንፎች

አንድ አናጺ ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም፤ መጀመሪያ ይህን ስማ።

ይህ አናጺ የሚኖረው መብራት ባልገባበት ቆላ፣ ከገበያው መንገድ በላይ ባለ ጉብታ ላይ ነበር። ሚስቱ የስኳር ሕመምተኛ ነበረች። በመርፌ የምትወስደው መድኃኒት ደግሞ ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ለመድኃኒቷ አንዲት ትንሽ ፍሪጅ ገዛ፤ ለፍሪጇም ኃይል የሚሰጥ በንፋስ የሚዞር ዲናሞ ምሰሶ ላይ ሰቀለ። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ፣ «የዲናሞውን ክንፎች ከአንድ ክንድ ተኩል በላይ እንዳታስረዝም፤ የመጋቢትን ንፋስ አስብ» አለው። እንደተባለው ጠርቦ ገጠማቸው። ፍሪጇ በረደች። ሚስቱም የመድኃኒቱን ብልቃጥ ግንባሯ ላይ አስነክታ ሳቀች።

ጣጣው የመጣው በገበያ ቀን ነው። አላፊ አግዳሚው ቀና ይልና፣ «አናጺው ምን ነካው? የዝንብ ጭራ ሰቀለ እኮ!» ይላል። የአገሩን ቤት ሁሉ ያቆመ ሰው ነውና ነገሩ አንገበገበው። አጫጭሮቹን አውርዶ ጓዳ ከተታቸውና ሦስት ሦስት ክንድ የሚሆኑ ክንፎች ሰቀለ። ያ ንፋሱ ጸጥ ያለበት ወር ነበር። ሰዉ አደነቀ፤ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የማይመጣ ጎረቤት አልነበረም።

መጋቢት ገባ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነሣና ረጃጅሞቹን ክንፎች ሰባበራቸው። ዲናሞው ግን ደህና ነበር።

«ትንንሾቹን መልስልኝ፤ ለእኔ ይበቁኛል» አለችው ሚስቱ።

«ነገ እኮ ገበያ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል? ትንሽ ታገሺኝ፣ እንደ ተሰበሩት ረጃጅም አድርጌ እሠራቸዋለሁ።»

ታገሠችው። እሱ ደጅ ላይ ሲጠርብ፣ እሷ መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ጥላ ውስጥ ታስቀምጣለች። የቆላው ሙቀት ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ያደርቀዋል። የመድኃኒቱ መበላሸት በዓይን አይታይም፤ እሷም እንደ ወትሮዋ ትወጋለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ራሷን ሳተች። በቃሬዛ ይዘዋት ሲሄዱ፣ ጤና ጣቢያው ሳይደርሱ መንገድ ላይ ዐረፈች። አልቅሼ ቀብሬያታለሁ፤ ታናሽ እህቴ ነበረች።

ሣልስቷ በወጣ ማግስት አናጺው ጓዳ ገብቶ አጫጭሮቹን ክንፎች አወጣ። ለመስቀል ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም። ፍሪጇ ዛሬም ትበርዳለች። ውስጧ ግን ባዶ ነው።

እንግዲህ አንተ፣ «ጓደኞቼ ጸሎትህ አጭር ናት ብለው ይስቁብኛልና፣ በቀን ሰባት ጊዜ ለጸሎት ልቆም ስእለት ልሳል ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ልጄ፣ ያቺ የጠዋት ጸሎትህ አጭሯ ክንፍ ናት። የሚስቁብህ ገበያተኞቹ ናቸው፤ ሸምተው ወደየቤታቸው ይገባሉ። አንተ ቤትህ ውስጥ እንዳይበላሽ የምትጠብቀው ነፍስህን ነው። ለእሷ የሚበቃትን ስቀል፣ ትልቁን እስክትጠርብም ትንሿን አታስታጉል። አሁን ሂድና ጸልይ። ስትጸልይ እህቴን አስብልኝ።