የሚሄደው አጥር

በጥንት ጊዜ፣ ዛሬ ስሟን የሚያስታውስ በሌለ አገር፣ ማሽላ በሚታጨድበት በኅዳር ወር፣ የጸሎት ዋርካው አጥር ከቦታው ተነስቶ የሚዳቋን ማሳ ዋጠ። ማታ ከማሳው ወዲያ ነበር፤ ጠዋት ከማሳው ወዲህ ተገኘ። ሁሉም ያየው ይህን ብቻ ነው። የቀረውን ፈልጋ ያገኘችው እመት ጃርት ናት።

የዚያ አገር ሕግ አጭር ነበር፦ ከአጥር ውስጥ የአምላክ፣ ከአጥር ውጭ የንጉሥ። ከዋርካው ሥር የሚኖረው መናኝ፣ አባ ጦጣ፣ ለአገሩ ይጸልያል፤ ስለዚህ በአጥሩ ውስጥ ከበቀለው አንዲት ፍሬ ግብር አይወጣም። ከአጥሩ ውጭ የሚያርሱት አምስቱ፣ ሚዳቋ፣ ቆቅ፣ ከርከሮ፣ ጥንቸልና ጃርት፣ በያመቱ ስድሳ ቁና ማሽላ እኩል ተካፍለው ለንጉሥ አንበሳ ጎተራ ያስገባሉ። እህሉ ለክፉ ቀን ነው ይባላል። ንጉሡም ስድሳው እስከሞላ ድረስ ከማን እንደመጣ ጠይቆ አያውቅም። ሰፋሪው አያ ጅቦ ነው።

ያን ሰሞን አያ ጅቦ ቁናውን በብብቱ ይዞ ከእመት ጃርት ደጅ ቆመና፣ «አሥራ ሁለት የነበረው አሥራ አምስት ሆኗል» አላት።

«ማን ጨመረው?»

«ማንም። ስድሳው ስድሳ ነው። ሚዳቋ ከአጥር ገብታለች፤ ድርሻዋን አራታችሁ ትካፈላላችሁ። ከአጥር ውስጥ የአምላክ፣ ከአጥር ውጭ የንጉሥ።»

እመት ጃርት ሰጠችና ወደ ሚዳቋ ሄደች። «እህቴ፣ ማሳሽ መቼ መነኮሰ?»

ሚዳቋ አንገቷን ደፋች። «ተኝቼ ስነሳ አጥሩ ከወዲያ ማዶ ነው። አሁን ለንጉሥ ከምሰጠው ግማሹን ለአባ ጦጣ እሰጣለሁ፤ ግማሹ ለልጆቼ ይተርፋል። ታዲያ ምን ብዬ ልጩህ?»

ሳምንት ሳይሞላ አጥሩ የቆቅን ማሳ ዋጠ። አያ ጅቦ መጣ፤ «አሥራ አምስት የነበረው ሃያ ሆኗል። ከአጥር ውስጥ የአምላክ፣ ከአጥር ውጭ የንጉሥ።»

ደግሞ ሰነበተና የከርከሮን ዋጠ። አያ ጅቦ መጣ፤ «ሃያ የነበረው ሠላሳ ሆኗል። ከአጥር ውስጥ የአምላክ፣ ከአጥር ውጭ የንጉሥ።»

ሠላሳው ሲሰፈር የእመት ጃርት ጎታ ባዶውን ቀረ። የተረፋት ከምድጃው በላይ ለዘር የሰቀለችው ማሽላ ብቻ ነው። ጥንቸልም ከአጥር ከገባች ስድሳው ሁሉ በእመት ጃርት ላይ ይወድቃል፤ ያኔ ዘሩም ይሰፈራል። ዘር የሌለው ደግሞ በሰኔ ምን ይዘራል?

ወደ ዋርካው ሄደች።

«አባቴ፣ አጥርዎ እግር አወጣ እንዴ?»

አባ ጦጣ መቁጠሪያውን እያንከባለለ፣ «ልጄ፣ በረከት ሲበዛ ቦታ ይሰፋል» አላት።

«ሁሉም ከገባ ለክፉ ቀን የሚያስቀምጥ ማን ነው?»

«ክፉ ቀን እንዳይመጣ እኔ እጸልያለሁ።»

«ጸሎትዎን ማንም ልስፈር አላለም፣ አይሰፈርምም። ማሽላ ግን ይሰፈራል።»

«ምላስሽ እንደ ጀርባሽ እሾህ ነው። ያንቺ ማሳ ከዚህ አይገባም።»

«አጥርዎም እኮ እሾህ ነው» አለችና እጁን አየችው። መዳፉ እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው፤ የጭረት ምልክት የለበትም። ያን ሁሉ የግራር እሾህ ተሸክሞ የማይጫር እጅ አልታያት አለ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ከጀርባዋ አሥራ ሁለት እሾህ ነቀለች። በጥንቸል ማሳ በኩል፣ ከአጥሩ ግርጌ፣ ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርጋ በመስመር ተከለችና ደረቅ ሣር አለበሰቻቸው።

ጠዋት አጥሩ የጥንቸልን ማሳ ውጦ ከማዶ ቆሟል። አያ ጅቦ ግን ለመስፈር አልመጣም። አሞት ተኝቷል ተባለ።

እመት ጃርት ንጉሡን ይዛ መጣች። ሣሩ ሲገለጥ ማታ ከአጥሩ ግርጌ የተተከሉት እሾሆች ከአዲሱ አጥር ብዙ ርቀው ወደ ውስጥ ቀርተዋል።

«ነፋስ ነው፣ ንጉሥ ሆይ» አለ አባ ጦጣ።

«ነፋስ አጥር ያፈርሳል እንጂ አጥር አያጥርም» አለ አንበሳ። ፍርዱም ይህ ሆነ፦ ዋርካውና ጸሎቱ እንደ ጥንቱ ከግብር ነጻ ናቸው፤ ማሳ ግን ማሳ ነው። አጥሩ ወደ ቦታው ይመለስ። አባ ጦጣ ከሚዳቋ፣ ከቆቅና ከከርከሮ የሰበሰበውን እህል ይመልስላቸው፣ እነሱም እመት ጃርትና ጥንቸል በትርፍ የከፈሉትን ይተኩላቸው። እሱ አገር ለቆ ይሂድ።

አባ ጦጣ ፍርዱን ሊሰሙ ከተሰበሰቡት መሃል አንድ የሚያውቀውን ፈልጎ ያጣ መሰለ። ከዚያ ሄደ።

እመት ጃርት እሾሆቿን ለቀመች፤ አሥራ አንድ ሆኑ።

«አንዱን አይጥ ወስዳው ነው» አሏት።

«አይጥ የጃርት እሾህ ምን ያደርግላታል?» አለች።

ሰኔ ገባ። እመት ጃርት ዘሯን አውርዳ እየዘራች ሳለ ወጌሻዋ ሽመላ ከማሳው ዳር አረፈች። በረጅም መንቁሯ አንድ ነገር ይዛለች፤ ጥቁርና ነጭ፣ ጫፉ የተሰበረ።

«ይሄ ያንቺ ነው?»

«አሥራ ሁለተኛው ነው። ከየት አገኘሽው?»

«ከአያ ጅቦ ተረከዝ። ከኅዳር ጀምሮ ሲያመረቅዝ ቆይቶ ዛሬ ነቀልኩለት። ጫፉ ግን ውስጥ ቀርቷል፤ አይወጣም።»

ከአባ ጦጣ ጋር እየተካፈለ አጥሩን በሌሊት ሲሸከም የኖረው ሰፋሪው ራሱ ነበር። ጅብም ይኸው እስከ ዛሬ ያነክሳል።

አጥር ሲሄድ ያየ፣ የሚያነክሰውን ይፈልግ።