ወንዝ የተሻገራት ከተማ

አንድ ጊዜ፣ አህያና ጅብ ገና አገር ሳይለዩ፣ ከአህዮቹ መንደር በየጊዜው አንዷ ትጎድል ነበር። ማን እንደሚያጎድላት ጠያቂ አያስፈልግም፤ የአያ ጅቦ ሆድ ራሱ ይናገር ነበር። ከሁሉ የከፋው ሐዘን የደረሰባት ዳለቻ የምትባል አህያ ናት። ሁለት ልጆቿ ተበልተውባት የቀረቻት አንዲት ውርንጭላ ብቻ ነበረች። ይቺንም ካጣሁ መኖሬ ምን ሊረባኝ ብላ ወደ ዳኛው ወደ አንበሳ ሄደችና አልቅሳ አመለከተች።

አንበሳ ሁለቱንም ወገን ሰብስቦ ፈረደ። አገሩ ለሁለት ይከፈል፤ ጅብ የአህያን አገር አይርገጥ፤ አህያም በጅብ አገር ከተገኘች ደሟ ደመ ከልብ ይሁን አለ። ወሰኑም ከተራራው እስከ ቆላው ድረስ ድንጋይ ይተከልበት ብሎ አዘዘ።

ጅብ ከሆዱ በቀር ተሸክሞ የሚያውቀው ነገር የለም። ያ ሁሉ ድንጋይ በማን ጀርባ እንደሚጓጓዝ አህዮቹ ወዲያው ገባቸውና ማጉረምረም ጀመሩ። ይኼኔ ቀበሮ ብድግ አለች። ቀበሮ ጅብ ያስተረፈውን እየለቃቀመች የምታድር ናት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ግን የደከመው ጀርባ ምክሩ ከማን መጣ ብሎ መች ይጠይቃል!

«እመት ዳለቻ፣ ምን አለፋችሁ?» አለቻት። «ወንዙ እያለ ድንጋይ ምን ይሠራል? ወዲያ ማዶ የጅብ፣ ወዲህ ማዶ የእናንተ። እግዜር ያኖረው ወሰን አይሻልም?»

ዳለቻ ደስ አላት። አንበሳ ግን ቅር አለው። ውሃ ሂያጅ ነው፣ ድንጋይ ግን ካስቀመጡት ቦታ ይገኛል ብሎ መከራቸው፤ አልሰሙትም። እንግዲያው እንዳላችሁ ብሎ፣ «ወንዙ ባለበት ወሰናችሁ አለ» ሲል አስማላቸው። ጅብ የማለው ነገር እንኳ አልገባውም፤ ቀበሮ ማል ስትለው ማለ።

ሰላም ወረደ። ወንዙ አንድ ቦታ ላይ ወደ ጅብ አገር ዘልቆ ይገባና እንደ ክንድ ታጥፎ ይመለሳል። በእጥፋቱ ውስጥ ያለው መሬት ለም ነበርና አህዮቹ እዚያ ከተሙ። ከተማዋን ወንዙ በሦስት በኩል ከቧታል፤ በጀርባዋ ብቻ በደረቅ መሬት ከአገሯ ጋር ትገናኛለች። መጀመሪያ ጥቂት ጎጆዎች ነበሩ። ኋላ መሐል ላይ ገበያ ቆመ፣ በገበያው ዙሪያ ሰፈር ተጨመረ፣ ቦታ ሲጠብም ቤቱ ወደ ጀርባዋ እየገፋ ሄደ። የዳለቻ ቤት በዚያ በአዲሱ ሰፈር ነበር። ውርንጭላዋ ሳትፈራ ስትቦርቅ ባየች ቁጥር ደስታዋ እንባዋን ያመጣው ነበር። ችግሯ አንድ ብቻ ነው፤ ከአዲሱ ሰፈር ወንዙ ሩቅ ነው፣ ውሃውም የሚመጣው በዳለቻ ጀርባ ተጭኖ ነው።

ቀበሮን መሐላው አያስራትም፤ ወዲያና ወዲህ ትመላለሳለች። አንድ ቀን የዳለቻን የተላላጠ ጀርባ አይታ ከንፈሯን መጠጠች። ከላይኛው የወንዙ ክንድ እስከ ታችኛው ድረስ በከተማዋ ጀርባ ቦይ ብትቆፍሩ ውሃው ራሱ ደጃችሁ ይመጣ ነበር አለቻት። ዳለቻ ጎረቤቶቿን አስተባብራ በጋውን ሙሉ አስቆፈረች። ቦዩ ሲያልቅ ውሃው በደጇ እየተንኳለለ አለፈ። ሰፈሩ ሁሉ ዳለቻን መረቀ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ መሆኑን ማን ይጠርጥር!

አያ ጅቦ ግን ትዕግሥቱ አልቆ ቀበሮን ይነዘንዝ ጀመር።

«ቦይ ተቆፈረ ትይኛለሽ፤ ውሃ ይበላል እንዴ?»

«ክረምቱ ይውጣ ብቻ» አለችው።

ክረምት ገባ፤ ወንዙም ሞላ። ዞሮ ከመሄድ ቀጥ ብሎ መሄድ ለውሃም ይቀለዋልና፣ ጎርፉ ቦዩን እየቦረቦረ አሰፋው፣ ገደልም አደረገው። ዝናቡ ባባራ ጊዜ ዳለቻ በማለዳ ከቤቷ ወጣች። ከከተማዋ ጀርባ ወንዙ ያገሳል። ወደ ፊት ሄዳ ብታይ ግን የጥንቱ ወንዝ መንገድ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሆኗል። በአሸዋው ላይ ውርንጭላዋ ትቦርቃለች። ከወዲያ በኩል ጅቦች ይመጣሉ።

«መሐላህን አታፍርስ!» ብላ ጮኸች ዳለቻ።

ጅብ ግራ ገብቶት ዙሪያውን አየ። «እኔ ወንዝ አልተሻገርኩም» አለ። «ወንዙማ ያው ከኋላችሁ ነው።»

ያን ቀን የሆነውን መተረክ ምን ያደርጋል። የዳኑት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ጎርፉን ዋኝተው ነው። ዳለቻ ከዳኑት አንዷ ነበረች። ውርንጭላዋ ግን አልነበረችም።

አንበሳ ዘንድ ቀርባ ፍረድልኝ አለችው። አንበሳ አንገቱን ደፋ። «ወንዙ ባለበት ወሰናችሁ አለ ብላችሁ ማላችሁ፤ ልጅሽ የሞተችው በጅብ አገር ነው» አላት።

ዳለቻ ተነሥታ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተራራው ድንጋይ እየተሸከመች በወንዙ ዳር ትተክል ጀመር። ማንም አላዘዛትም፤ የምትጠብቀው ልጅም አልነበራትም። ይህንኑ ስታደርግ ሞተች።

ከዚህ የምንማረው፣ ድካም ሸሽቶ ወሰኑን ለወራጅ ውሃ አደራ የሰጠ፣ ውሃው በዞረ ቀን አገር አልባ እንደሚሆን ነው።