«አልቋል» የተባለው ገመድ

አንድ ባለጸጋ ነበረ። አገሩ ደረቅ፣ ከብቱ ብዙ፣ ጉድጓዱ ጥልቅ ነበር። ጉድጓዱ በደለል ተሞልቶ ውሃው ሲቋረጥ፣ በገመድ ወርዶ እንዲጠርግለት ከአንድ ቆፋሪ ጋር ተስማማ። ወይንሸት፣ ስለምትጽፊው ፕሮግራም «ኮምፒዩተሩ ‹ተሳክቷል› ካለኝ ደግሞ መሞከር ምን ያደርጋል?» ላልሽኝ መልሱ እዚሁ ውስጥ ነው፤ ታገሺኝ።

ያን የሚያህል ገመድ በአንድ ሰው እጅ አያልቅም። ሦስት ሰዎች በየቤታቸው አንድ አንድ ቁራጭ ገምደው አመጡ። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ተቋጠሩ። ሁለተኛውን ከሦስተኛው መቋጠር ግን የማን ሥራ እንደሆነ የነገራቸው አልነበረም፤ አንዱ ሌላው ይቋጥረዋል ብሎ ተወው። የባለጸጋው አዛዥ ሦስቱንም «የእናንተ አለቀ?» ብሎ ጠየቀ። «አለቀ» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እሱም ቁራጮቹን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ገመዱ አልቋል» ብሎ አወጀ። ገመድ ከተጠቀለለ ደግሞ ቋጠሮው መኖሩ አይታይም።

እልል ተባለ፣ በሬ ታረደ። እልል ከተባለ በኋላ ገመዱ ይፈተሽ ማለት ባለቤቱን ማዋረድ ነው፤ እኛን ይሉኝታ ስንቴ ገደል ከቶናል። ቆፋሪውም ልቡ እየፈራ ገመዱን ወገቡ ላይ ሊያስር ተነሳ።

ይኼኔ ሚስቱ ከሴቶቹ መሀል ወጥታ አንድ ትልቅ ድንጋይ እያንከባለለች መጣች።

«መጀመሪያ ይኼ ይውረድ» አለች።

«አልቋል ተብሎ የለም እንዴ? አንቺ ስለ ገመድ ምን ታውቂያለሽ?» አለ አዛዡ።

«ስለ ገመድ አላውቅም ጌታዬ። ባል ግን ያለኝ አንድ ነው።»

ሰው አጉረመረመ። ባለጸጋው ግን ዝም በሉ ብሎ ድንጋዩን አሳሰረ። የመጀመሪያው ቁራጭ ደህና ወረደ። ሁለተኛውም ወረደ። ሦስተኛው ሊከተል ሲል የሁለተኛው ጫፍ ከያዦቹ እጅ ሾልኮ ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ ድንጋዩ ከታች ሲያርፍ ተሰማ። አዛዡ «እኔ አልዋሸሁም» ይል ነበር።

አልዋሸም፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ወይንሸት፣ ሦስቱ ቁራጮች አንቺ ለየብቻ የጻፍሻቸው የፕሮግራምሽ ክፍሎች ናቸው። አዛዡ ክፍሎቹን ሰብስቦ አንድ የሚያደርግልሽ መሣሪያ ነው። አንዱ ክፍል ሌላውን ሲጠራ አቤት የሚለው መኖሩን ሳያይ፣ ቅሬታ ስላልሰማ ብቻ «ተሳክቷል» ሊልሽ ይችላል። አንቺም እልል ብለሽ ነገ ፕሮግራሙን ላዘዘው ሐኪም ቤት አስረክባለሁ ትያለሽ። በዚያ ገመድ የሚወርደው ግን አንቺ አይደለሽም፤ የመድኃኒቱ መጠን በፕሮግራምሽ የሚወሰንለት በሽተኛ ነው። እሱም የአንድ ሰው ባል ነው። አሁን ተነሺና ድንጋይሽን ፈልጊ።