የዝጊቷ አንጓች ክንድ

ኧረ ተው! ተው እንጂ አንተ እንግዳ! እጁን አትጨብጠው! እዚህ አገር ክረምት ሲገባ ገመድ ጣይ በቀኝ እጁ አይጨበጥም። አትቀየም፣ ና እዚህ ተቀመጥና ምክንያቱን ልንገርህ። እናንተም ልጆች ዝም በሉ። መቶ ጊዜ ሰምታችሁታል፣ አውቃለሁ። ደግማችሁ ብትሰሙት አትሞቱም።

ድሮ ነው። ድሮ ስልህ፣ ይህ ዋርካ ገና ችግኝ ሳለ፣ የአያቴ አያት በአንቀልባ ስትታዘል ነው። ያኔ እዚህ ወይራ አፋፍ አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ድሃ ናት። መሬት የላት፣ በሬ የላት። ማማ ላይ ወጥታ የሰው ማሽላ እየጠበቀች፣ ወፉን በወንጭፍ እያባረረች ነው የምታድረው። ቸኮል የሚባል ባል ነበራት። እናኑ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው።

አንድ ክረምት ቸኮል ከማዶ ገበያ ሲመለስ ይህ ወንዛችን ዝጊት ሞላና ወሰደው። አገር ወጣ። ጎበዛዝቱ ድንጋይ ላይ የቃጫ ገመድ አስረው ወረወሩለት። አቤት ጉልበት! ግን ምን ያደርጋል፣ ድንጋዩ አንዴ አልፎት ሄደ፣ አንዴ ከኋላው ወደቀ። አንጓች ዳር ቆማ አየች። ባሏን ውሃው በላው።

አለቀሰች። ደረቷን መታች። አርባው ሲወጣ ወንጭፏን ይዛ ወደ ወንዙ ወረደች። ጎርፉ ቅርንጫፍ ይዞ ሲመጣ ድንጋይ ከነገመዱ ትወረውርበታለች። ጎበዛዝቱ ሳቁባት። "አንጓች፣ ዝጊት ደግሞ ማሽላ ዘራ እንዴ?" አሏት። እሷ ወረወረች፣ ሳበች፣ ደግማ ወረወረች። ቀስ እያለ ገባት። ገመድ የሚጣለው ሰውየው ወዳለበት አይደለም፤ ውሃው ወደሚያደርሰው ነው። ደግሞ ለመምታትማ ማንም ይወረውራል። ሌላው እንዲይዘው አድርጎ መወርወር ነው ጭንቁ።

በተከታዩ ክረምት አንድ ሸማኔ ውሃ ወሰደው። አንጓች ወረወረች። ጎበዛዝቱ "ሳተችው!" ብለው ጮኹ፤ ከሰውየው ርቆ ነበር የወደቀው። ውሃው ሰውየውን አምጥቶ ገመዱ ላይ ጣለው። ያዘ፤ ተጎትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ የሳቀባት የለም።

ሌላ ክረምት ደግሞ ዝናቡ አላባራ አለ። የማዶ ሰዎች ቤታቸው አፈሰሰ፣ ምድጃቸው ሁሉ ጠፋ። ክብሪት የት አለና ያኔ! ወንዙ ዳር መጥተው "እሳት! ስለ ማርያም እሳት!" እያሉ ይጮሃሉ። ልጆቻቸው በብርድ እየተንቀጠቀጡ ነው። ማን ይሻገር? አንጓች ከሸክላ ጭቃ ድቡልቡል ሠራች፣ አደረቀች፣ ውስጡ የኩበት ፍም ከታ በወንጭፍ ላከች። አንዱ ተሰበረ። አንዱ ውሃ ገባ። ከጧት እስኪመሽ ወረወረች። ሊመሽ ሲል ደምለው የሚባል የማዶ ጎልማሳ ጋቢውን ዘርግቶ ተቀበላት። ጋቢው ተቃጠለ፣ እሳቱ ግን ደረሰ። ያን ለት ማዶ ጭስ ሲወጣ እዚህ ያለው ሰው እልል አለ።

ወንዙ ሲጎድል ደምለው ሽማግሌ ላከ፤ እናኑን አገባና ማዶ ወሰዳት። የእናቷ ትከሻ ከዚያ ከእሳቱ ቀን ጀምሮ እንደሚያማት የምታውቀው እናኑ ብቻ ነበረች፤ ማታ ማታ በቅቤ የምታሽላት እሷ ናት። ስትሄድ አንገቷን አቅፋ "እማዬ፣ ክንድሽን አሳርፊው። በጠሩሽ ቁጥር አትነሺ" አለቻት። አንጓች "እሺ" አለች።

ግን የእኛን ሰው ታውቀዋለህ? አያሳርፍም! "አንጓች፣ እስቲ ያንን መሐል ወንዝ ያለውን ቋጥኝ ምቺልን!" "አንጓች፣ እንግዳ መጥቷል፣ እስቲ አሳዪልን!" ሰርግ ሲሆን ትጠራለች፣ ማኅበር ሲሆን ትጠራለች። ድሃ እንዴት ብሎ እምቢ ይላል? ደግሞ አልዋሽህም፣ ሲያሞግሷት ትንሽ ደስ ይላታል፤ ሰው ናት። ጭቃ ሹሙ ልጁን የዳረ ቀንማ ሰርገኛው ከበባት፣ ቀኑን ሙሉ ያንን ቋጥኝ አስመታት። ሲመሽ ትከሻዋ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ማንም አልሰማ። ፈገግ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግሥቱ እናኑ መጣች። ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ነው። ሰማዩ ጠርቷል፣ ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ደምለው እጇን ይዞ ሲያሻግራት ደጋ የዘነበው ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ደምለውን መልሶ ማዶ ዳር ተፋው። እናኑ መሐል ቋጥኝ ላይ ወጣች። ያው ቋጥኝ ነው፣ ትናንት ሰርገኛው ሲያስመታው የዋለው!

አንጓች እየሮጠች ደረሰች። ወንጭፏን አነሳች። ክንዷ እምቢ አላት። ድንጋዩ እግሯ ሥር ወደቀ። ደገመች፤ ውሃው ዳር ወደቀ። በግራዋ ሞከረች፤ ወደ ሌላ ሄደ። ጎበዛዝቱ ነጥቀው ወረወሩ። አቤት ጉልበት! እናኑን አልፎ ሄደ። ውሃው ጉልበቷ ደረሰ፣ ወገቧ ደረሰ። አንጓች ወንጭፏን መልሳ ቀማቻቸው። በዚያ በተሰበረ ክንዷ፣ እየጮኸች፣ እንደገና ታነሣለች፣ እንደገና ይወድቃል። እናኑ ከቋጥኙ ላይ አየቻት።

"እማዬ፣ በቃሽ!" አለች። "በቃሽ፣ ያምሻል!"

ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልተሰማም።

ቆይ… ይህችን ስናገር ሁልጊዜ እንዲህ ያደርገኛል።

ለቅሶው ላይ ጭቃ ሹሙ መጣ። ጎንበስ ብሎ ቀኝ እጇን ሊይዝ ሲል ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። አልተራገመችም። ብትራገመን ይሻለን ነበር። "ይቺን ክንድ ለዛሬ ብታሳድሩልኝ ምን ነበረ?" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ቀኝ እጇን ለማንም አልሰጠችም።

ይኸው ነው። ክረምት ሲገባ ገመድ ጣይ እንመርጣለን። እርሻውን እኛ እናርስለታለን፣ እንጨቱን እኛ እንፈልጥለታለን። "እስቲ ወርውረህ አሳየን" ያለው ሰው ከማኅበር ይወጣል። ባለሙያ የሚያደክም ሰው ስናይም "የአንጓችን ክንድ አትጨርስ" እንላለን። ድልድይ ሊሠሩ ነው ይላሉ፤ ይሥሩ፣ እናያለን።

በል አሁን ተነሣ። ሂድና ገመድ ጣያችን ፊት ጎንበስ በል። እጅህን ሰብስብ! "ክንድህ ለነገ ይደር" በለው። እሱም መልሱን ያውቀዋል፤ አባቱም፣ የአባቱም አባት እንዲሁ ነው የመለሱት፤

"ለእናኑ ይደር።"